ዓይኔ ያየውን እጄ የሳተበት ዓመት

መነጽር ገዝታችሁም እጃችሁ ኩባያውን አልፎ ጠረጴዛውን የሚጨብጥ ከሆነ ይህን እስከ መጨረሻው አንብቡት። የዝና እባላለሁ። በእፅዋት ሳይንስ ከተመረቅሁ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበር። ቤተሰቦቼ ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ የሚኖሩ ገበሬዎች ናቸው። ዓይኔ ደህና ነበር፣ እጄም ደህና ነበር። የታመመው ሁለቱን የሚያገናኘው ነገር ነው። ይህችን ለማወቅ ወራት ፈጅቶብኛል። እናንተ ላይም ያን ያህል እንዳይፈጅ ነው የምጽፈው።

የጀመረኝ በአጎቴ ቤት ነው። የአባየ ታላቅ ወንድም ቄስ ናቸው፤ ሁላችንም አባ ነው የምንላቸው። የሚካኤል ማኅበር ተራው የእሳቸው ነበርና ቤቱ በሽማግሌ ሞልቷል። «ተመራቂዋ ታስታጥብ» ተባለና በግራ እጄ ሳፋውን፣ በቀኜ ጆጉን ይዤ ከላይ ጀመርሁ። አያ ቢተው ዘንድ ደረስሁ። አያ ቢተው የአባ ጎረቤት ናቸው፤ ምላሳቸው ከወስፌ ይሾላል። የዚያን ቀን ግን እየመረቁኝ ስለነበር ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ ጎንበስ ብዬ ውሃውን አፈሰስሁ። ውሃው ጋቢያቸው ላይ ወረደ።

«ዩኒቨርሲቲ ሁሉን ያስተምራል ይላሉ። እጅ ማስታጠብ ግን የለበትም መሰለኝ» አሉ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ስቄ ደገምሁት። አሁንም ጉልበታቸው ላይ ፈሰሰ። ሳቁ ቀነሰ። እማየ መጥታ ጆጉን ከእጄ ወሰደችና «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አለችኝ በጥርሷ።

ችኩል መሆኔን አገር ያውቃል። ሻይ እስኪፈላ ቆሜ አልጠብቅም፣ ሰው ወሬ ሲያስረዝምብኝ ጫፉን ቀድሜ እናገርለታለሁ። ያን ቀን ግን አልቸኮልሁም። እጁም ታይቶኛል፣ ጆጉም ታይቶኛል። ውሃው ለምን ሌላ ቦታ እንደሄደ ነው ያልገባኝ።

ከዚያ በኋላ እጄን መከታተል ጀመርሁ። የባጃጁ ልጅ መልስ ሲሰጠኝ ብሩን አልፌ ክንዱን እይዛለሁ። የመብራት ማብሪያውን ስፈልግ ግድግዳውን እደበድባለሁ። ጣቶቼም እንደ ድሮው አይደሉም፤ ለመርፌም ለጣሳም እኩል ይበረገዳሉ። የሚገርመው ግን ራሴን ስነካ አልስትም። አፍንጫዬን፣ ጆሮዬን፣ የነጠላዬን ጫፍ በጨለማም አገኘዋለሁ። ግራ እጄም ጤነኛ ነው። የሚስተው ቀኜ ነው፣ በተለይ ዕቃው በስተቀኝ ሆኖ ዓይኔን ሳልተክልበት ስዘረጋ።

ከትልቅ ሰው ስቀበል ደግሞ ጭራሽ አይታወቅም። እኛ አገር ከትልቅ ሰው በሁለት እጅ ነዋ የምንቀበለው። ግራዬ ቀድሞ ዕቃውን ይነካል፣ ቀኜ ግራዬን ተከትሎ ይደርሳል። እናም በሽታዬ ከእኩዮቼ ጋር ስሆን የሚታይ፣ ሐኪም ፊት የሚደበቅ ሆነ። ያኔ ይህ አልገባኝም ነበር።

በዚያው ሰሞን ቡሬ አጠገብ ካለ አንድ የችግኝ ጣቢያ ሥራ አገኘሁ። ለሙከራ ነው የተቀጠርሁት። ዋናው ሥራ አቮካዶ ማዳቀል ነው። ከተሻለው ዝርያ እርሳስ የምታክል ቅርንጫፍ ትቆረጣለች፣ ጫፏ እንደ ሽብልቅ ይሳላል፣ የአገሩ ችግኝ ግንድ ይሰነጠቅና እዚያ ውስጥ ትሰካለች። ከዚያ በላስቲክ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል። ልጥ ከልጥ ካልገጠመ ይደርቃል። ትምህርት ቤት እያለሁ በዚህ የሚቀድመኝ አልነበረም። የተቀጠርሁትም በዚችው እጄ ተማምኜ ነው።

ላስቲኩን ሁልጊዜ በስተቀኜ ነው የማስቀምጠው። ዓይኔን ከችግኙ ሳላነሳ እጄን ልኬ ማምጣት ልማዴ ነበር። አሁን እጄ ሄዶ አፈር ይዞ ይመጣል። ቢላዋው ግንዱን ስቶ አውራ ጣቴን ቆረጠኝ። ኃላፊያችን ጋሼ ምንይችል ከኋላዬ ቆመው ሲያዩኝ ቆይተው ኖሯል።

«የዝና፣ እጅሽ ጠጥቷል እንዴ?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እኔም እጄም አንጠጣም።»

«እንግዲያ ታከሚ። እንዲህ ሆነሽ ስለት አላስይዝሽም። ማዳቀያው ወቅት እስኪደርስ ቦታሽን ለሰው አልሰጥም። ከዚያ ግን ሥራው አይጠብቅም፣ ታውቂዋለሽ።»

አውቀዋለሁ። ቀናሁ እንጂ አልተቀየምሁም፤ ሌሎቹ ላስቲኩን ሳያዩ ሲያነሱ አይ ነበርና።

መጀመሪያ የሄድሁት ፍኖተ ሰላም አንድ የዓይን ክሊኒክ ነው። ፊደሎቹን እስከ ታችኛዋ መስመር አነበብሁላቸው፤ የታተመችበትን ማተሚያ ቤት ስም ሁሉ ጨምሬ። ባለሙያው ግን መነጽር አዘዘልኝ።

«ሁሉን አንብቤ መነጽሩ ለምኑ ነው?» አልሁት።

«ያሳርፍሻል።»

አላሳረፈኝም። ከፍዬ ያመጣሁትን መነጽር ራሱን ከጠረጴዛ ሳነሳ ሳትሁት።

ቀጥሎ ቡሬ ያለ የግል ክሊኒክ ገባሁ። መጠበቂያው ወንበር ጠባብ ነው፤ ሁላችንም ጉልበት ለጉልበት ተነካክተን እንቀመጣለን። አጠገቤ ልጅ ያዘለች ሴት ነበረች። ውሃ ገዝቼ ክዳኑን ለመያዝ ስታገል አየችኝ። ምንም አልጠየቀችም፤ ከፈተችና ጠርሙሱን መዳፌ ላይ አስቀምጣ ጣቶቼን አንድ በአንድ ገጠመችልኝ። ከመዳፌ ላይ ሲሆንማ ማን ይስታል። በዚያ ሁሉ ወራት እንደዚያች ሴት የገባው ሰው አልነበረም።

ሐኪሙ እጁን ሰጠኝና «ጨምቂው» አለኝ። ጨመቅሁት፤ ፊቱ ተቀየረ። ቀጥሎ ጣቱን ፊት ለፊቴ አቁሞ «ንኪው» አለ። ዓይኔን ተክዬበት ስለነበር ነካሁት፤ ደግሜም ነካሁት።

«ደህና ነሽ እኮ» አለኝ።

«አይ፣ እዚህ ስመጣ ነው ደህና የምሆነው። ቤቴ ግን እስታለሁ።»

«ጭንቀት ነው። ተመርቀሽ ሥራ መያዝ ያስጨንቃል። ነርቭሽን የሚያጠናክር መርፌ እጽፍልሻለሁ።» ወረቀቱን ሲሰጠኝ በሁለት እጄ ተቀበልሁት። ያቺ ጨዋነቴ ድጋሚ ጉድ ሠራችኝ።

መርፌውን ተወጋሁ። ምንም የለም። ራስ ምታቱ ግን መጣ፤ ጧት ከመኝታዬ ስነሳ ይጀምረኛል፣ ረፋድ ላይ ይለቀኛል። አብራኝ ቤት የተከራየችው ሰብለ ናት። እዚያው ችግኝ ጣቢያ ትሠራለች፤ ቡሬ አጠገብ ካሉ የአዊ ቤተሰቦች የተወለደች ልጅ ናት። ስትናደድ በአውንግኛ ትሳደባለች፤ ትርጉሙን ስጠይቃት አንድም ቀን አልነገረችኝም።

«ቤተሰብሽ ጋ ሂጂ» አለችኝ። «እዚህ ሆነሽ አንድ ቀን ምድጃውን ትጨብጫለሽ። እኔ ደግሞ አላለቅስልሽም፣ እስቅብሻለሁ።»

ሄድሁ። ነገሩ ሁሉ የተጣመመውም የተቃናውም እዚያ ነው።

እኔና ሰብለ ከተማ ስንበላ ቁጭ ብለን መጉረስ ነው። ገበታው ሲቀርብ እጄ ቀድሞኝ ይሄዳል፤ ሄዶም የትሪውን ጠርዝ ይይዛል። እቤት ግን አባየ እያለ ማን ቀድሞ ይጎርሳል? ሁላችንም ገበታውን እያየን «በስመ አብ» ብለን እስክናማትብ ይጠበቃል። አባየ ደግሞ ጸሎት ያስረዝማል። ከዚያ በኋላ እጄን ስሰድ ቀጥ ብሎ እንጀራው ላይ ያርፋል። አይስትም።

መጀመሪያ ያስተዋለችው እማየ ናት። ቀን ላይ ዳቦ ስታቀብለኝ ሳትሁ። ማታ አማትቤ ስበላ አልሳትሁም። በነጋታው ሆን ብላ ፈተነችኝ። ጣሳ በስተቀኜ አስቀመጠችና «አንሽው» አለችኝ፤ ሳትሁት። «አሁን አማትቢና አንሽው» አለችኝ፤ ቀጥ ብዬ ያዝሁት። ጣሳውን ይዤ ተያየን።

«አየህ?» አለችው አባየን። «በሥላሴ ስም ሲጠራ ይለቃታል። ታዲያ ይሄ የሐኪም ነው?»

 ማስረጃው እጄ ላይ ነበር። ተመርቄያለሁ፣ ሙከራ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። እማየ ያደረገችው ሙከራ ነው፤ ደግማዋለች፣ ውጤቱም አንድ ነው።  ያን ሌሊት ነው በጣም የፈራሁት። ሞትን አይደለም የፈራሁት። የራሴ እጅ የእኔ ካልሆነ የማን ነው ብዬ ነው።

ጠበል ገባሁ። ጠበልን የማጣጥል ሰው አይደለሁም፤ ሰው ሲድንበት አይቻለሁ፣ እኔም አምኜ ነው የተጠመቅሁት። ውሃው አጥንት ይሰብራል። አንድ ቀን ተጠምቄ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ልብሴን ስጨምቅ ቀኝ እጄ ብቻውን ይንዘፈዘፍ ጀመር። እኔ አላዘዝሁትም። ከጣቶቼ ተነስቶ ወደ ክንዴ ወጣ። ሰው ተሰበሰበ፤ «ተናገር፣ ማን ነህ?» ይላሉ። እኔ ሙሉ ልቤ አብሮኝ ነው፣ ሁሉን እሰማለሁ።

«የዝና ነኝ» አልኋቸው። ሌላ ምን ልበል።

አባ እዚያ ነበሩ። ሰዉን ገለል አድርገው አጠገቤ ተቀመጡና እጄ እስኪረጋ መስቀላቸውን ይዘው ጠበቁ። ከዚያ እማየን ጠሯት።

«ይህች ልጅ ሐኪም ቤት ትሂድ» አሉ።

«አባ፣ እርስዎ እንዲህ ይላሉ? ሲማተብ እንደሚለቃት በዓይኔ አይቻለሁ እኮ።»

«እሱ ነው የጠረጠርሁት። እኔ ስንቱን ሳጠምቅ ኖሬያለሁ። ክፉ መንፈስ ስመ ሥላሴ ሲጠራ ይጮሃል፣ ይወራጫል፣ ይሳደባል። ይሄ ግን ሲማተብ ጭምት ሆኖ እንጀራውን ይቆርሳል። ታዛዥ ሰይጣን አይቼ አላውቅም።»

እማየ አፏን ያዘች። ልትስቅ ይሁን ልታለቅስ አልገባኝም።

«ጠበሉ ይቅር ማለቴ አይደለም» አሉ አባ። «ይዛው ትሂድ። ግን ትሂድ።»

በዚያ ሰሞን የባሕር ዳር መንገድ ሲከፈት ሲዘጋ ነበር። መናኸሪያ ሄደን ባዶ እጃችንን እንመለሳለን። መጠበቅ እኔን ከበሽታው በላይ ነው የሚያመኝ። አባየ ለወንድሜ ቤት መሥሪያ ያቆመውን ባሕር ዛፍ ለሕክምናዬ ሸጦ ነበር፤ ወንድሜ አኩርፎ አላናገረኝም። አልፈረድሁበትም፣ ግን እኔም ለይቅርታ አልተለማመጥሁትም። መንገዱ ሲከፈት ጧት በሚኒባስ ወጣን። መራዊ ስንደርስ በመስኮት የቆጋ መስኖ ስንዴ ይታያል። እኔ ስንዴውን ትቼ የፊቴን ወንበር እጀታ ለመያዝ እለማመዳለሁ። አባየ እያየ እንዳላየ ሆነ።

ባሕር ዳር የአንጎልና የነርቭ ሐኪም ዘንድ ተራ ያዝን። መጠበቂያው እስከ ደጅ ሞልቷል። ራሱን የታሰረ ሰው አለ፣ ግማሽ ፊቱ የወደቀ አለ። አባየ ሁሉንም በተራ «እግዜር ይማርህ፣ እግዜር ይማርሽ» እያለ ዞረ። አንድ ሽማግሌ «ልጅህ ምኗን ነው?» ብለው ጠየቁት። «እቃ ትስታለች» አላቸው። ሽማግሌው እንደ ቀላል ነገር ሳቁ። ከዚያ ፊቱን አዩና ሳቃቸውን ዋጡ።

ገባን። ሐኪሙ ጠና ያለ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። እኔ ተቻኩዬ ሁሉን ዘረዘርሁ፤ ዓይን፣ መርፌ፣ ራስ ምታት፣ መንዘፍዘፍ። ጨምቂ አለኝ፣ ጨመቅሁ። ንኪ አለኝ፣ ነካሁ።  ደግሞ «ጭንቀት ነው» ሊለኝ ነው ብዬ ተነሣሁ።

አባየ ጉሮሮውን ጠረገ። «ዶክተር፣ አንድ ነገር ቀርታለች። አይስቁብኝ እንጂ ሲማተብ ይተዋታል።»

እኔ በአባየ ፋንታ አፈርሁ። ሐኪሙ ግን እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እስኪ ይድገሙልኝ። አማትባ ወዲያው ነው የምታነሣው ወይስ ትቆያለች?»

«ጸሎት አለ እንጂ። እኔ ትንሽ አስረዝማለሁ።»

ሐኪሙ ወንበሩን ወደኔ ሳበ። «አሁን አፍንጫዬን እይ። ዓይንሽን አታንሺ። እስክሪብቶው በቀኝሽ በኩል ነው፣ ይታይሻል?»

«ይታየኛል።»

«ያዢው።»

እጄ አየር ይዞ ተመለሰ። ደገመው፤ እጁን ያዝሁት። በግራ እጄ አስሞከረኝ፤ ያዝሁት። ከዚያ እስክሪብቶውን ጠረጴዛ ላይ አሳይቶኝ ዓይኔን አስጨፈነኝ። ትንሽ ጠበቀና «አሁን አንሺ» አለ። ጨፍኜ አነሣሁት። አባየ ብድግ አለ። ወንበሩ ወደቀ።

ሐኪሙ ያስረዳኝን እንደገባኝ ልንገራችሁ። ዓይን ያየው ነገር ወደ አንጎል የኋላ ክፍል ይሄዳል። ከዚያ ሁለት መንገድ ይወጣለታል። በታች በኩል ያለው ዕቃው ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ይሄ ጣሳ ነው፣ ይሄ ቢላዋ ነው ይላል። በላይ በኩል ያለው ደግሞ ለእጅ መንገድ ይመራል፤ ይሄን ያህል ራቅ፣ ወዲህ ዙር፣ ጣትህን በዚህ ልክ ክፈት ይለዋል። «ኩባያ ልታነሺ ስትዘረጊ እጅሽ ሳይደርስ ጣቶችሽ በኩባያው ልክ ይከፈታሉ። ማን አዘዛቸው? አንቺ አላዘዝሽም። ያ የላይኛው መንገድ ነው» አለኝ። የእኔ የላይኛው መንገድ በግራ በኩል ተጎድቷል። ግራው አንጎል ቀኝ እጅን ነው የሚመራው። በእንግሊዝኛው ኦፕቲክ አታክሲያ ይሉታል።

«ዓይንሽን ስትተክዪ የሚሻልሽም ለዚህ ነው» አለኝ። «ስትቆዪ የሚሻልሽ ደግሞ የላይኛው መንገድ የሚሠራው አሁን ለታየ ነገር ብቻ ስለሆነ ነው። ጥቂት ከቆየሽ የታችኛው ከትዝታው ይመራሻል። ዘገምተኛ ነው፣ ግን ይደርሳል።» ወደ አባየ ዞረ። «ጸሎት ማስረዘምዎ ነው የጠቆመኝ።»

አባየ ይህን እስከ ዛሬ ለአገር ሁሉ ያወራል።

ቀጥሎ ማወቅ የነበረብን ምን እንደጎዳው ነው። የራስ ምስል የሚያነሳውን ትልቁን መሣሪያ ገባሁ፤ ኤምአርአይ ይሉታል። ጠባብ ነው፣ ይጮሃል፣ አትነቃነቂ ይላሉ። እኔን አትነቃነቂ ማለት ራሱ ቅጣት ነው። ውጤቱ ሲመጣ «እብጠት አለ» ተባለ። ካንሰር ነው ብዬ ደነዘዝሁ። አባየ ቃሉን እንዳይሰማ ፈልጌ በእንግሊዝኛ ጠየቅሁ። ሐኪሙ ግን በአማርኛ፣ ለሁለታችን መለሰ። «አይመስለኝም። የቲቢ እብጠት ነው የሚመስለው። ቲቢ ሳንባ ብቻ አይደለም የሚይዘው። ሌላ ምርመራ ጨምረን መድኃኒቱን እንጀምራለን። ረጅም ነው፣ ከዓመት አያንስም። ግን የሚድን በሽታ ነው።»

ሌሎቹም ምርመራዎች ያንኑ አሉ። የቲቢውን መድኃኒት፣ የእብጠቱን ማሟሸሻና እጄ እንዳይንዘፈዘፍ የሚሰጠውን ክኒን ይዘን ተመለስን።

እማየ ቲቢ የሚለውን ስትሰማ ጣሳዬን ለየችው። መደርደሪያው ጫፍ ላይ ብቻውን አስቀመጠችው። ከበሽታው ሁሉ ያ ጣሳ ነው ያስለቀሰኝ። በነጋታው ጤና ጣቢያ ይዣት ሄድሁ። ሲስተሯ መድኃኒቱን እያየችኝ ነው የምታስውጠኝ።

«ሲስተር፣ ይህችን እናት ንገሪያት። ሳንባዬ ንጹሕ ነው አይደል?»

«ንጹሕ ነው እማማ። አትስልም፣ ወደ ሰው አያልፍም» አለቻት። ከዚያ ወደኔ ዞራ «ሽንትሽ እንደ ብርቱካን ጭማቂ ቢሆን እንዳትደነግጪ፣ ከክኒኑ ነው» አለችኝ።

እማየ እቤት ስንደርስ ጣሳዬን ከሌሎቹ መሃል መለሰችው። «ጭማቂ እያፈላሽ ደግሞ እኔን ትቆጫለሽ» አለችኝ።

ራስ ምታቱ ቶሎ ለቀቀኝ። እጄ ግን ቶሎ አልመጣም። ሐኪሙ ልምምድ ሰጥቶኝ ነበር፦ እይ፣ ቆይ፣ ያዝ። ሦስት ቃል ናት። ለእኔ ግን መካከለኛዋ ቃል መርፌ ናት። ቡሬ ተመልሼ ከሰብለ ጋር ጀመርን። ሰብለ ቆርኪ ሰብስባ በስተቀኜ ትበትናለች፤ እኔ ማንሣት ነው።

«አየሽው?»

«አየሁት።»

«እንግዲያ ቆይ።»

«ቆየሁ እኮ።»

«ይሄ መቆየት ነው? ዝንብ እንኳ ከዚህ በላይ ታርፋለች።»

ስስት ቆርኪውን ወደ ግንባሬ ትወረውረዋለች። በአውንግኛም ትጨምርበታለች። ስይዝ ግን ምንም አትለኝም፤ ሌላ ቆርኪ ታስቀምጣለች። ቀስ በቀስ ስለምትሄደው እንቁላል የነገረኝን ሰው ሁሉ እቆጣለሁ፤ ሰብለ አንድም ቀን እንቁላል አላነሣችብኝም። ቆርኪው ሲበቃኝ ወደ እርሳስ አለፍን፣ ከእርሳስ ወደ ላስቲክ። ጣቶቼ እንደ ልካቸው መከፈት ሲጀምሩ መጀመሪያ ያየችው እሷ ናት። መርፌ ልታቀብለኝ ስትል «ቁሚ» አለችኝ። እጄ መንገድ ላይ ነው፤ አውራ ጣቴና ሌባ ጣቴ ብቻ ተጠጋግተው፣ ለመርፌ ብቻ ጠበው ይሄዳሉ። ሁለታችንም ፊልም እንደሚያይ ሰው አየናቸው።

ማዳቀያው ወቅት ደረሰ። ጋሼ ምንይችል «ነይ እስኪ» አሉኝና ችግኝ አቀረቡልኝ። ከፊቴ ቆሙ። መካከለኛ መንገድ አልነበረም፤ ወይ እሠራለሁ ወይ እሄዳለሁ። ላስቲኩን ድሮ ሳላየው አነሣው ነበር። አሁን ዞሬ አየሁት፣ ቆየሁ፣ አነሣሁት። ቢላዋውን አየሁት፣ ቆየሁ፣ አነሣሁት። ግንዱን አየሁ፣ ቆየሁ፣ ሰነጠቅሁ። ሌሎቹ ሦስተኛቸው ላይ ሲደርሱ እኔ የመጀመሪያዬን እያሰርሁ ነው።

«እየጸለይሽ ነው የምትሠሪው?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ሥራው ይታይልኝ። ፍጥነቱ ይመጣል።»

የሠራኋቸውን ለብቻቸው አስቀመጡብኝ። ሳምንታት አለፉ። በየጧቱ ላስቲኩን ፈትቼ ማየት ያምረኛል፤ ቢፈታ ይሞታል፣ ስለዚህ እጄን ኪሴ ከትቼ አልፋለሁ። አንድ ጧት ጋሼ ምንይችል ቀድመውኝ ቆመው አገኘኋቸው። ቅርንጫፎቹ ጫፍ ላይ ቀይ ቡቃያ ወጥቷል። አንዷ ብቻ ናት የደረቀችው።

«አንዷ ሞታለች» አሉ።

«አየኋት።»

«የእኔማ ባለፈው ዓመት ስንቷ ነበር የሞተችው። በይ፣ ሰኞ ጓንት አምጪ። የጣቢያው ጓንት ላንቺ ይሰፋሻል።»

የቀጠሩኝ በዚህ ነው።

መድኃኒቱን አልጨረስሁም፤ እየዋጥሁ ነው። ሲደክመኝና ስቸኩል አሁንም እስታለሁ፤ ባጃጅ ላይ የሰው ክንድ ይዤ «ይቅርታ» እላለሁ። ሐኪሙ ትንሽ ልትቀር ትችላለች ብሎኛል። ትቅር። እናንተ ግን ሐኪም ፊት ስትቀርቡ የሚያሳፍራችሁን ነገር አስቀድማችሁ ተናገሩ። በሁለት እጅ አትቀበሉ፤ ለዚያች ለአንድ ቀን ባለጌ ሁኑ። «ደህና ነሽ» ቢሏችሁ እቤታችሁ የምትስቱትን ዕቃ ይዛችሁ ተመለሱ። ራስ ምታት ካለበት፣ እጅ ብቻውን ከተንዘፈዘፈ ደግሞ ቀን አትስጡት።

ባለፈው ማኅበር ተራው የአባየ ነበር። እማየ ጆጉን ልትይዝ ስትል «እኔ ነኝ የማስታጥበው» አልኋት። ሰጠችኝ። አያ ቢተው ዘንድ ስደርስ ጋቢያቸውን ወደ ላይ ሰብስበው ጉልበታቸውን ገላልጠው ጠበቁኝ። ሰዉ ሳቀ።

እጃቸውን ዘረጉ። ፊታቸውን አላየሁም። መዳፋቸውን አየሁ። ቆየሁ።

«ምን እየጠበቅሽ ነው?» አሉኝ።

«እጄን ነው፣ አያ።»

ውሃው መዳፋቸው መሃል ወረደ። አንድም ጠብታ ከሳፋው ውጭ አልወጣም። አሻሹ፣ ታጠቡ፣ ጨረሱ። እጃቸውን ግን አላነሡም። ቤቱ ሁሉ ያያል።

«ጨምሪ» አሉኝ።